ሳይነገረን የሚወሰንብን

(ቦሌ አራብሳ፣ በኮንዶሚኒየማችን የጋራ መገልገያ ቤት ለነዋሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ድግግሞሹን ቀንሻለሁ፤ ከመሀል የተነሱትን ጥያቄዎች በየቦታቸው አስገብቻለሁ።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ስንት ሥራ እንደሚጠብቃችሁ አውቃለሁ። ልብስ አለ፣ ገበያ አለ፣ ለቅሶ ያለበትም ይኖራል። ያንን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

የብሎክ ኮሚቴው የጠየቀኝ ስለ ሥራ ማጣትና ስለ ቴክኖሎጂ እንድናገር ነው። ሁለቱም በራሴ ስለደረሱ እሺ አልኩ። እኔ ግን ሦስተኛ ነገር ጨምሬ መጥቻለሁ፤ የዓለም ፍትሕ። "እሱ የመሪዎች ጉዳይ ነው፤ ከእኛ ኪራይና ከጤፍ ዋጋ ጋር ምን አገናኘው?" የሚል ይኖራል። እንደሚገናኝ ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

ሐሳቤ ይህ ነው። የሰውን እንጀራ የሚነካ ውሳኔ የሚወስን ማንም ቢሆን ቀድሞ መናገር አለበት። የሚነካውን ሰው መስማት አለበት። ጉዳቱንም መጋራት አለበት። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ይህን ለተቀጣሪ በጽሑፍ አስቀምጦለታል። ከዚያ ወጣ ሲባል ግን፣ በኢንተርኔት ሥራም ሆነ በአገሮች መካከል፣ የለም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ከራሴ ልጀምር።

ለዓመታት በአንድ የግል ድርጅት ዳታ ኢንኮደር ሆኜ ሠርቻለሁ። ድርጅቱ ጥናት ያጠናል። መረጃ ሰብሳቢዎች ገጠር ወርደው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ የሞሉት ቅጽ በካርቶን ታሽጎ ይመጣል፤ እኛ ወደ ኮምፒውተር እናስገባለን። ከውጭ ሲያዩት ቁልፍ መጫን ብቻ ይመስላል። አይደለም። አንዱ ቅጽ ላይ የእናትየዋ ዕድሜ 7፣ የልጆቿ ቁጥር 4 ተብሎ ይመጣል። ኢንኮደሯ እዚያ ላይ እጇን ታቆማለች። የጋብቻውን ዓመት ታያለች፣ የበኩር ልጁን ዕድሜ ታያለች፣ ቅጹን ለሞላው መረጃ ሰብሳቢ ትደውላለች። "27 ነው፤ ዝናብ ነክቶት ሁለቱ ጠፍቶ ነው" ይላታል። በየቀኑ እንዲህ ነበር። የማያውቁትን ሰው የእጅ ጽሑፍ መልመድ፣ የተጠራጠሩትን ማጣራት። ሙያችን እሱ ነበር።

ከዚያ ታብሌት መጣ። መረጃ ሰብሳቢው እዚያው ገበሬው ደጃፍ ቁጭ ብሎ ይሞላል። ዕድሜ 7 ብሎ አራት ልጅ ሊያስገባ ሲል ታብሌቱ አላሳልፍም ይላል። ማታ ኔትወርክ ያለበት ሲደርስ የቀኑ ሥራ በሙሉ አዲስ አበባ ይገባል። ግልጽ ልሁን፤ ታብሌቱ ከእኛ የተሻለ ሠርቷል። ስህተቱ የሚታረመው መልሱን የሰጠችው ሴት ፊት ነው። ወረቀቱ ይመለስልን ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ ዛሬም አልጠይቅም።

ኃላፊያችን ሰብስባ ነገረችን። ለኢንኮደሮች በሙሉ የቅነሳ ደብዳቤ ተሰጠን። ደብዳቤው ላይ ሥራችን የሚቋረጠው ከሁለት ወር በኋላ መሆኑ ተጽፏል።

ያ ሁለት ወር ምን እንደሚሠራ ያላለፈበት ሰው ላያውቀው ይችላል። ደሞዝ አልተቋረጠም። ወደ ቢሮ እሄዳለሁ፤ ግን ጭንቅላቴ ሌላ ቦታ ነው። ከአከራዬ ጋር ተቀምጬ ተነጋገርኩ። የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ አስቀድሜ ከፈልኩ። ማታ ማታ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ መያዣ ፕሮግራም ተማርኩ፤ ዛሬ የምኖረው በእሱ ነው። እዚህ ሰፈር ያሉ ሱቆችንና የአንድ ፋርማሲ ሒሳብ እይዛለሁ። ገቢዬ ከቀድሞው ያንሳል። ግን በሩን ከፍቼ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ተገፍትሬ አልወደቅሁም። ከሞቱ አሟሟቱ ይባል የለ? የሥራም እንደዚያ ነው።

አሁን ሕጉን ልንገራችሁ፤ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ። እዚህ ካላችሁት አብዛኞቻችሁ ወይ ተቀጣሪ ናችሁ፣ ወይ ተቀጣሪ ልጅ አላችሁ።

አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከአንድ ዓመት በታች ካገለገለ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካገለገለ ሁለት ወር። ከዘጠኝ በላይ ከሆነ ሦስት ወር። በሠራተኛ ቅነሳ ለሚወጣ ሁለት ወር ነው። ቅነሳ የሚባለው ደግሞ አለቃ ተቆጥቶ አንዱን ውጣ ሲለው አይደለም። ከሠራተኛው ቢያንስ 10 በመቶውን መንካት አለበት፤ ከ20 እስከ 50 ሰው ባለበት ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው። አሠሪው ማን እንደሚቀነስ ሲለይ ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር መመካከር አለበት። ይህች "መመካከር" የምትለዋን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ከዚያ የስንብት ክፍያ አለ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ ነው። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። ጣሪያው የ12 ወር ደሞዝ ነው። በቅነሳ የወጣ ሰው ደግሞ በዚያ ላይ የ60 ቀን ደሞዝ ይጨመርለታል። ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን የመጨረሻውን ነው። በቁጥር እንየው። ወር ደሞዟ 6,000 ብር የሆነች ልጅ አራት ዓመት ሠርታ ብትቀነስ፣ ለመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ ለቀሩት ሦስት ዓመታት 2,000 በ2,000 ሌላ 6,000፣ በቅነሳው ምክንያት 12,000። በግምት 24,000 ብር ማለት ነው። "ይቺው ናት፣ ፈርሚ" ተብላ የአንድ ወር ደሞዝ ተሰጥቷት የምትወጣ ስንት ልጅ አለች!

ክፍያው በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ያለ አግባብ ነው የተባረርኩት፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሰው ደግሞ ክሱን በሦስት ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት። ሦስት ወር በለቅሶና በሽምግልና በቀላሉ ታልፋለች። እባካችሁ ቀኑን ጻፉ።

(እዚህ ላይ አንድ አባት "ጡረታ የሚቆረጥብንስ? ሥራ ስናጣ አይሰጠንም ወይ?" ብለው ጠየቁ።) አባባ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደሞዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ያ ገንዘብ ለእርጅና፣ ለአካል ጉዳትና ከሞት በኋላ ለቤተሰብ ነው። ሥራ ላጣ ጤነኛ ሰው ግን በየወሩ የሚከፍል መድን በአገራችን የለም። ያለችን ማስጠንቀቂያዋና ስንብቷ ብቻ ናቸው። ለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ወደ ሁለተኛው ሥራዬ ልለፍ። ከቅነሳው በኋላ፣ የሒሳቡን ሥራ ሳልጀምር በፊት፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ በላፕቶፕ እሠራ ነበር። የአማርኛ ድምፅ ሰምቶ ቃል በቃል መጻፍ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት አማርኛ እንዲሰማ የሚያስተምሩት በእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ነው። አጭር አጭር ድምፅ ይላካል። አንዱ ጎጃሜ ነው፣ አንዷ የወሎ ልጅ ናት፤ አንዱ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ስለሚያወራ ረዳቱ "መገናኛ! መገናኛ!" ሲል ይሰማል። ማዳመጫ አድርጌ፣ ወደ ኋላ እየመለስኩ፣ ትንፋሹ ሳይቀር እጽፋለሁ። መብራት ሲጠፋ በስልክ ፓኬጅ እቀጥላለሁ። የሚከፈለኝ በተቀበልኩት ድምፅ ደቂቃ ነው። አንድ ደቂቃ ድምፅ በትክክል ለመጻፍ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ የሚጠይቅ የለም።

አንድ ጠዋት ስከፍተው መለያዬ ታግዷል። ምክንያት የለም። ጻፍኩ፤ ማሽን መለሰልኝ። ደግሜ ጻፍኩ፤ ያው ማሽን ያንኑ መለሰ። የሠራሁት ሥራ ክፍያ እዚያው ቀረ። የማን ሠራተኛ ነበርኩ? አገናኙ ድርጅት በአንድ አገር ነው፣ ሥራውን የሰጠው በሌላ፣ ገንዘቡ የሚያልፈው በሦስተኛ። በየትኛው አገር ሕግ፣ የት ልክሰስ? የመጀመሪያው አሠሪዬ በሕግ ታስሮ ስለነበር ሁለት ወርና ስንብት ሰጠኝ። ሁለተኛውን የሚይዘው ሕግ አልነበረም፤ በአንድ ሌሊት ጣለኝ። ሁለቱም ጋ ቴክኖሎጂ አለ። ልዩነቱን ያመጣው የሕጉ መኖርና አለመኖር ነው።

ይህ በእኔ ብቻ የደረሰ አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያን እዩ። ቻትጂፒቲ የሚባለው፣ ሰው ሲጠይቀው የሚመልሰው ማሽን ነውረኛ ነገር እንዳይናገር፣ የዓለምን ቆሻሻ ጽሑፍ ቀኑን ሙሉ እያነበቡ የለዩት ናይሮቢ ያሉ ወጣቶች ነበሩ። በጥር 2015 ዓ.ም. በወጣ ዘገባ እንደታወቀው የሚከፈላቸው በሰዓት ከ1.32 እስከ 2 ዶላር ነበር። የሚያነቡት ሕፃናት የሚደፈሩበትን፣ ሰው የሚሰቃይበትን ጽሑፍ ነው። ማታ ቤታቸው ገብተው መተኛት ያቃታቸው ነበሩ። ማሽኑ ዛሬ ጨዋ ሆኖ የሚመልስልን እነሱ ያንን ስለተሸከሙልን ነው።

አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩም አለች። በጉግል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባር ቡድን ተባባሪ መሪ ነበረች። እነዚህ ትልልቅ የቋንቋ ማሽኖች ይዘውት ስለሚመጡት አደጋ ከሌሎች ጋር ጥናት ጻፈች፤ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ከሥራዋ ወጣች። እሷ ተባረርኩ ትላለች፤ ኩባንያው ራሷ ለቃለች ይላል። እሷን የማነሳው ስለምኮራባት ብቻ አይደለም። ስለሚመጣው ነገር ቀድሞ መናገር ራሱ እንጀራ እንደሚያሳጣ ስለምታሳየን ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ትንሽ ቴክኒካል ነው፣ ታገሱኝ። ኮምፒውተር ፊደል የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። በተለመደው አሠራር አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ቦታ ይይዛል። አንድ የእኛ ፊደል፣ "ሀ" በሉት "ለ"፣ ሦስት ባይት ይይዛል። የቋንቋ ማሽኖቹ ደግሞ ጽሑፍን በትንንሽ ቁርጥራጭ ቆርጠው ነው የሚያነቡት፤ ዋጋ የሚያስከፍሉትም በቁርጥራጩ ነው። አቆራረጡ የተማረው በዋናነት ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለሆነ አማርኛው ይከታተፋል። አንድ ዓይነት ጥያቄ በአማርኛ የጠየቀ በእንግሊዝኛ ከጠየቀው የበለጠ ይከፍላል። ደሞዙ ያነሰው፣ ኢንተርኔቱ ውድ የሆነበት ሰው በገዛ ቋንቋው ሲጠይቅ ይጨመርበታል። ክፋት አይደለም፤ ማንም እኛን ልጉዳ ብሎ አልተነሳም። ሲሠራ ግን ያልተጠየቀ ሰው አለ። ፍትሕ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው፤ ያለ ጠላት።

አሁን ወደ ትልቁ ዓለም እንውጣ። ሩቅ አንሄድም፤ ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ እዚሁ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ እንቁም። ልጆቹን ታውቋቸዋላችሁ። ነጠላ የደረቡ፣ ምሳ ዕቃቸውን በፌስታል የያዙ፣ እየተደጋገፉ ሰርቪስ የሚጠብቁ። የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል የሚከራዩ፣ ከቀራቸው ላይ አገር ቤት የሚልኩ።

የአሜሪካ አጎዋ የሚባለው ሕግ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፍሪካ አገሮች ሸቀጥ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ይፈቅድ ነበር። የእኛ አገር የልብስ ፋብሪካዎች፣ እዚህ ቅርባችን ያለው ቦሌ ለሚም ሆነ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ትልቅ ተስፋቸውን የጣሉት በእሱ ላይ ነበር። በጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኢትዮጵያን ከአጎዋ ሊያስወጡ መሆኑን ለምክር ቤታቸው አሳወቁ። ምክንያቱ በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመው የሰብዓዊ መብት ጥሰት ነው ተባለ። ውሳኔው ታኅሣሥ 23 ሥራ ላይ ዋለ። ማሊና ጊኒም በየራሳቸው ምክንያት አብረው ወጡ። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች የአገሪቱን ሁኔታ ጠቅሶ በዚያው ሰሞን የሐዋሳ ፋብሪካውን ዘጋ።

ልብ በሉ፤ ከጥቅምት 23 እስከ ታኅሣሥ 23 ሁለት ወር ነው። ለአንድ ኢንኮደር የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ለአንድ አገር ሙሉ ኢንዱስትሪ ተሰጠ። ስንብቱ ግን የለም። ምክክሩም የለም። በጦርነቱ የተፈጸመው ግፍ እውነት ነው፤ የሞቱትን ወገኖቻችንን አቃልዬ አልናገርም፤ ተጠያቂነት ይምጣ የምል ሰው ነኝ። ጦርነቱን ያስነሳችው ግን ስፌት ማሽን ላይ የተቀመጠችው የ20 ዓመት ልጅ አይደለችም። ቅጣቱ ሲከፋፈል እሷ ጋ ደረሰ። ማን ጠየቃት?

ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. አዲስ የገቡት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀን ይቁም ብለው ፈረሙ። በቀናት ውስጥ ለየፕሮጀክቱ ሥራ አቁሙ የሚል ትእዛዝ ደረሰ። ሰኔ 24 ላይ ዕርዳታውን የሚሰጠው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት፣ ዩኤስኤይድ፣ ራሱ ተዘጋ። እዚህ ግቢ ውስጥ በጤና ፕሮጀክት ተቀጥረው የነበሩ ጎረቤቶች አሉን። ዛሬ ቢሮ ገብተው ነገ አትምጡ የተባሉ ናቸው። የአሜሪካ ሕዝብ ገንዘቡን ለፈለገው የማዋል መብት አለው፤ ዕርዳታ ዕዳ አይደለም፤ ለዘላለም ስጡን አልልም። በሽተኛ መድኃኒቱን የሚወስድበትን ቤት ግን በአንድ ፊርማ፣ በአንድ ቀን መዝጋት ሌላ ነገር ነው። ሁለት ወር ቢሰጥ ኖሮ ሠራተኛው ሌላ ይፈልጋል፤ ጤና ጣቢያው መዝገቡን ይረከባል፤ በሽተኛውም የት እንደሚሄድ ይነገረዋል።

ስለ ዓለም ፍትሕ ሲነሳ ሁላችንም የምናስታውሰው ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ያደረጉትን ንግግር ነው። በመርዝ ጋዝ እያለቅን ነው፣ ነገ በእናንተ ይደርሳል አሉ። የተባለው ደረሰ። እኔ ግን ከዚያ ይልቅ ብዙ የማይነገር ሌላ ታሪክ ልነግራችሁ እወዳለሁ።

በ1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ደቡብ አፍሪካ የዛሬዋን ናሚቢያ ይዛ በዚያ አገር ሕዝብ ላይ አፓርታይድን ዘርግታ ነበር። ከተባበሩት መንግሥታት በፊት የነበረው የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ከነበሩት አገሮች ውስጥ ይህን ክስ ለማቅረብ የተነሱት እነዚህ ሁለት የአፍሪካ አገሮች ናቸው። ጉዳዩ ስድስት ዓመት ገደማ ፈጀ። በሐምሌ 1958 ዓ.ም. ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ወሳኝ ድምፃቸውን በአንዱ ወገን ጣሉና ክሱ ወደቀ። ለምን ወደቀ? አፓርታይድ ትክክል ነው ተብሎ አይደለም። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በጉዳዩ ላይ የሚያስከስስ መብት ወይም ጥቅም የላቸውም ተብሎ ነው። በእኛ አማርኛ፣ አያገባችሁም ተባሉ።

ይህን ሳነብ ደሜ ፈላ። ግን ታሪኩ እዚያ አልቆመም። በጥቅምት 1959 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ ላይ የነበራትን ሥልጣን አነሳ። በ1963 ዓ.ም. ያው ፍርድ ቤት የደቡብ አፍሪካ በዚያ መቆየት ሕገ ወጥ ነው አለ። ናሚቢያ በ1990 እ.ኤ.አ. ነፃ ወጣች። "አያገባችሁም" የተባሉት ሁለት አገሮች ይህን ጥያቄ ባያነሱ ኖሮ ነገሩ መቼ ይነሳ ነበር?

የጤፉንም ልጨምር፤ አጭር ነው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ በአውሮፓ የፈጠራ መብት አውጥቶ ነበር። እናቶቻችን የሚያውቁትን ነገር ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. ሄግ ያለ የሆላንድ ፍርድ ቤት ያ መብት ፈጠራ የለበትም ብሎ በሆላንድ ውስጥ ሰረዘው። ደስ ብሎን ተጨበጨበ። ችሎቱ ላይ የተከራከሩት ግን ሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች ነበሩ። በእኛ ጤፍ ጉዳይ፣ ያሸነፍንበትም ቀን እንኳ እኛ አልነበርንም።

"መመካከር" የምትለውን ቃል ያዙልኝ ብዬ ነበር። አንድ የግል ድርጅት አምስት ሰው ሊቀንስ ሲል ከተወካያቸው ጋር እንዲመካከር ሕግ ያስገድደዋል። የዓለም ገበያ ደጁን ሲዘጋ፣ ለጋሽ ሲያቋርጥ፣ የሰማንያ አገር ሰው በኢንተርኔት የሚያሠራ መድረክ ደንቡን ሲለውጥ ለምን አያስገድደውም? አይቻልም የሚለኝ ሰው፣ ለሠራተኛም አይቻልም ይባል እንደነበር ያስታውስ። የአገራችን የመጀመሪያው የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የቆመው በ1955 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የፋብሪካ ሠራተኛ ውጣ ሲባል ይወጣ ነበር። ይህ የእኛ እናቶችና አባቶች ዕድሜ ነው።

(አንድ ወጣት እጁን አወጣ። "እና እኔ ምን ልማር? ኮዲንግ ነው የሚያዋጣው ወይስ እሱንም ማሽኑ ሊወስደው ነው?" አለ።) ወንድሜ፣ መንግሥት ያስጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች የኢንተርኔት ሥልጠና ነፃ ነው፤ ግባበት፤ ጊዜህን አያባክንም። ግን እሱን ብቻ ተማምነህ አትቀመጥ። ያየሁትን ልንገርህ። ታብሌቱ ሲመጣ እኛ ኢንኮደሮች ወጣን፤ ከእኛ መሀል የታብሌቱን ቅጽ መሥራት የቻለች አንዲት ልጅ ግን ቀረች። የቀረችው ኮምፒውተር ከሁላችንም በላይ ስለምታውቅ አልነበረም። ገጠር ያለች እናት ጥያቄውን እንዴት እንደምትረዳው ታውቅ ስለነበር ነው። ማሽኑን ተማር፤ ግን ማሽኑ የሚገባበትን ሥራ፣ ጤናውንም ሆነ ሒሳቡን፣ እርሻውን፣ ከሥሩ እወቀው።

አሁን እኛ እዚህ ምን እናድርግ? አንድ ሐሳብ አለኝ። እድራችን ለቀብር ይደርሳል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ንፍሮው ሳይጓደል። ሥራ ላጣ አባል ግን የሚደርሰው የለም፤ ያ ሰው ደግሞ በሕይወት አለ፣ ልጆች አሉት። ለብቻው በሚቀመጥ ሒሳብ፣ እያንዳንዱ አባል በወር ትንሽ ቢያዋጣ፣ ደብዳቤ ይዞ ለመጣ አባል የሁለትና የሦስት ወር የቤት ኪራይ ያለ ወለድ ማበደር ይቻላል። (ጋሼ የእድሩ ዳኛ እዚህ ላይ ተቃወሙኝ። "እድር ካበደረ በቀብር ቀን ካዝናው ባዶ ይገኛል" አሉ።) ጋሼ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ለዚያ ነው ለብቻው ይቀመጥ ያልኩት፤ የቀብሩን አንድ ሳንቲም አይነካም። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ አጀንዳ ይያዝልኝ፤ ሒሳቡን በነፃ እኔ እይዛለሁ።

ሌላውን ከመናገሬ በፊት ብዙ አስቤበታለሁ፤ ቅር የሚለው ሰው ይኖራል፣ ግን እናገረዋለሁ። የነገርኳችሁ አዋጅ ቁጥር 1156 በየቤታችን የሚሠሩትን እህቶች አይሸፍንም። የቤት ሠራተኛ ማስጠንቀቂያም ስንብትም በዚህ አዋጅ የላትም። ለእሷ አሜሪካም፣ ጉግልም፣ ፋብሪካም እኛ ነን። ማታ ተጣልተን ጠዋት ዕቃሽን ያዢ ስንላት የት ታድራለች? ሕግ አላስገደደንም፤ አዎ። እኛ ግን በዓለም ላይ የምንጮኸው ሕግ ባያስገድድም ይገባል ብለን ነው። የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ፣ የሠራችበትን ደሞዝ ሳይጎድል፣ ለአንድ ዓመት ሥራ የአንድ ወር ስንብት። በዚህ ግቢ ሁላችንም እንስማማበት፤ በወረቀት እንጻፈው፤ በየቤቱ እንፈርምበት።

(ጥቂት ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት "እኔ እፈርማለሁ፤ እኔ ራሴ በሰው ቤት አድጌያለሁ" አሉ። ሌሎችም አሉ። የብሎክ ኮሚቴው ጸሐፊ ወረቀቱን ሊያዘጋጅ ተስማማ። "አንድ ወር ይበዛል" ያሉም አሉ፤ በእሱ ላይ ገና እንነጋገራለን።)

የመጨረሻው ጥያቄ የመጣው በልብስ ፋብሪካ ከምትሠራ ልጅ ነው። "እኔ የቅጥር ደብዳቤ የለኝም፤ በቃል ነው የተቀጠርኩት። ቢቀንሱኝ ምን ይዤ እሄዳለሁ?" አለችኝ። የኔ እህት፣ የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። አሠሪው በጽሑፍ ካላደረገው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጥሽ ይገባል፤ ባይሰጥሽም መብትሽ አይቀርም። ደሞዝ የገባበትን የባንክ መረጃ፣ ባጅሽን፣ የጡረታ መለያ ቁጥር ካለሽ እሱን፣ አብረውሽ የሚሠሩ የሁለት ሰዎችን ስም ዛሬውኑ አስቀምጪ። ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ከ8 ሰዓት በኋላ እዚሁ ቤት ውስጥ እገኛለሁ። ያለሽን ይዘሽ ነይ፤ አብረን እናየዋለን።